ምላጩን የሚውጠው ማን ነው?

ስለ ጦርነት ፊልሞች፣ ስለ መሪዎች ፉክክርና ስለ ተመልካች ኅሊና

«እልህ ምላጭ ያስውጣል» ይላሉ አበው። አባባሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ስለ ተራ ሰው ጠብ የተነገረ ይመስላል። ጎረቤት ከጎረቤቱ፣ ወንድም ከወንድሙ እልህ ሲጋባ ምላጩን የሚውጠው እልኸኛው ራሱ ነው፤ የሚደማውም የእርሱ ጉሮሮ ነው። እልህ የተጋቡት ሠራዊት የሚያዝዙ መሪዎች ሲሆኑ ግን ነገሩ ይለወጣል። እልሁ የአንዱ፣ ምላጩ የሌላው ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የፈለግነው የሥነ ምግባር ጥያቄም ይኸው ነው። ከመሪዎች ፉክክር በሚነሣ ጦርነት ተጠያቂው ማን ነው? መሣሪያ ሳያነሣ በሩቅ ሆኖ የሚያይ፣ የሚሰማና የሚያጨበጭብ ሰውስ ከተጠያቂነት ነጻ ነውን?

ጥያቄውን በጦርነት ፊልሞች በኩል ማንሣት የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከወጣቶቻችን ብዙዎቹ ጦርነትን መጀመሪያ የሚያውቁት በፊልም ነው። ቀድሞ በሲኒማ አዳራሾች፣ በኋላም በየከተማው በተከፈቱት ቪዲዮ ቤቶች ይታይ የነበረው ዛሬ በእጅ ስልክ ይታያል። በዚያው ትንሽ መስታወት ላይ ልብ ወለዱ ጦርነትና እውነተኛው ጦርነት ተከታትለው ይመጣሉ፤ ዓይንም አንዱን ከሌላው ለመለየት ይደክማል። ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ይህን ጥበብ አልናቀችውም። ሲኒማ የተፈጠረበት መቶኛ ዓመት በ1995 ሲታሰብ፣ የማኅበራዊ መገናኛ ጉዳዮችን የሚከታተለው ጳጳሳዊ ምክር ቤት 45 ፊልሞችን መርጦ ስማቸውን አስታውቆ ነበር። ከእነርሱም መካከል ስለ ጦርነት የሚናገሩ ይገኙበታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በገባዖን ኩሬ አጠገብ

ከፊልሞቹ በፊት ግን ወደ ቅዱስ መጽሐፍ እንመለስ። በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ ምዕራፍ 2 ላይ ብዙ ጊዜ የማይሰበክበት አንድ ታሪክ አለ። ሳኦል ከሞተ በኋላ መንግሥቱ ለሁለት ተከፍሎ፣ ይሁዳ ዳዊትን፣ የቀሩት ነገዶች የሳኦልን ልጅ ኢያቡስቴን ተከተሉ። የሁለቱ ወገን የጦር አለቆች ኢዮአብና አበኔር በገባዖን ኩሬ ወዲህና ወዲያ ፊት ለፊት ተቀመጡ። በዚያን ጊዜ አበኔር ጎልማሶቹ ተነሥተው በፊታቸው እንዲጫወቱ ሐሳብ አቀረበ፤ ኢዮአብም ተስማማ። ከየወገኑ 12፣ በድምሩ 24 ጎልማሶች ተነሡ። እያንዳንዱ የባላጋራውን ራስ ይዞ ሰይፉን በጎኑ ሻጠበት፤ ሁሉም በአንድነት ወደቁ። ሁለቱ አለቆች ተቀምጠው ያዩ ነበር።

የጨዋታ ነገር በአለቃው አፍ መነገሩን ልብ እንበል። ለአለቃው ጨዋታ የሆነው ለ24ቱ ሞት ነበረ። ነገሩ በዚያ አላበቃም፤ ወደ ሙሉ ውጊያ ተለውጦ በዚያው ቀን ከዳዊት ወገን 20፣ ከአበኔር ወገን 360 ሰዎች አለቁ። ፀሐይ ስትጠልቅ ሰይፍ ማብቂያ የለውምን ብሎ የጮኸው ያው ጨዋታውን ያስጀመረው አበኔር ነው። የመሪዎች ፉክክር ጠባዩ ይህ ነው፤ ለመጀመር አንድ ቃል ይበቃዋል፣ ለማቆም ግን አስጀማሪው ራሱ አቅም ያጥረዋል።

ሦስት ፊልሞች የሚመሰክሩት

ስለ አንደኛው የዓለም ጦርነት ከተሠሩት ፊልሞች ሦስቱን ብቻ እንመልከት። የመጀመሪያው ሉዊስ ማይልስቶን በ1930 በአሜሪካ የሠራው «በምዕራቡ ግንባር ሁሉም ጸጥ ብሏል» የተባለው ነው። መነሻው ጀርመናዊው ኤሪክ ማሪያ ሬማርክ የጻፈው ልብ ወለድ ሲሆን፣ ከ12 ዓመት በፊት የአሜሪካ ጠላት የነበረው የጀርመን ወታደር በዚህ ፊልም ውስጥ ሰው ሆኖ ይታያል። ወታደሮቹ በአንድ የዕረፍት ሰዓት ጦርነት እንዴት እንደሚጀመር ይከራከራሉ። አንዱ አገር ሌላውን ሲያስቀይም ነው ቢባል፣ ተራራ ሜዳን ያስቀይማልን በሚል ይሳሳቃሉ። በዕድሜ ከፍ ያለው ጓደኛቸው ደግሞ ነገሥታቱና ሚኒስትሮቻቸው ራሳቸው በአንድ ሜዳ ገብተው በዱላ ቢለያዩ ይሻላል የሚል ሐሳብ ያመጣል። በሌላ ስፍራ ዋናው ባለ ታሪክ ፖል በፈንጂ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ የወጋውን ፈረንሳዊ ሲሞት ያያል፤ ይቅርታም ይለምነዋል። ከኪሱ የሚስቱና የልጁ ፎቶግራፍ ሲወጣ፣ የገደለው «ጠላት» አባወራ መሆኑን ያውቃል። ይህ ፊልም በዲሴምበር 1930 በርሊን ውስጥ ሲታይ የናዚ ፓርቲ ሰዎች በጎብልስ መሪነት አዳራሹ ውስጥ አይጦች ለቀው ረበሹ፤ በጥቂት ቀናትም ውስጥ በጀርመን ታገደ። ለሌላ ጦርነት የሚዘጋጁ ሰዎች የጠላት ወታደር አባወራ ሆኖ እንዲታይ አይፈልጉም።

ሁለተኛው ዣን ሬኗር በ1937 በፈረንሳይ የሠራው «ታላቁ ቅዠት» ነው። በቅድስት መንበር ዝርዝር ውስጥ ከተካተቱት አንዱ ሲሆን፣ ሬኗር ራሱ በዚያ ጦርነት የተሰለፈ ሰው ነበር። ከምርኮ ያመለጡ ሁለት ፈረንሳውያንን አንዲት ጀርመናዊት ገበሬ ትሸሽጋቸዋለች። በግድግዳው ላይ የተሰቀሉትን የባሏንና የወንድሞቿን ፎቶግራፎች እያሳየች የወደቁባቸውን ስፍራዎች ትዘረዝራለች፤ ከእነዚያም ብዙዎቹ አገሯ ድል ያደረገችባቸው የታወቁ ውጊያዎች ናቸው። ቀጥላም ገበታዋ አሁን ለእርሷና ለትንሽ ልጇ ከመጠን በላይ ሰፊ መሆኑን ታሳያለች። ድል የተባለው በዚያ ቤት የገባው በባዶ ወንበር መልክ ነው። በየቁምስናችን መሶቡ የሰፋባቸው እናቶች ስላሉ ይህን ለመረዳት ትርጓሜ አያስፈልገንም። ከ1998 እስከ 2000 በተደረገው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነትም ሆነ በኖቬምበር 2020 ተጀምሮ በኖቬምበር 2022 በፕሪቶሪያ ስምምነት በተገታው የሰሜኑ ጦርነት ልጆቻቸውን ያጡ ቤተሰቦች ድል ምን ዋጋ እንደሚያስከፍል ከማንም ይልቅ ያውቁታል።

ሦስተኛው ስታንሊ ኩብሪክ በ1957 የሠራው «የክብር ጎዳናዎች» ነው። አንድ የፈረንሳይ ጄኔራል የማይያዝ ምሽግ እንዲያጠቃ ይጠየቃል። መጀመሪያ ሠራዊቱ እንደደከመ ተናግሮ ይቃወማል፤ የሹመት ተስፋ ሲሰጠው ግን ሐሳቡን ይለውጣል። ጥቃቱ ይከሽፋል፤ ለውድቀቱም ከየሻምበሉ አንድ፣ በጠቅላላው ሦስት ወታደሮች በፍርሃት ተከስሰው ይረሸናሉ። ታሪኩ ፍጹም ፈጠራ አይደለም፤ ምንጩ የሆነው ልብ ወለድ በማርች 1915 በሱዌን አቅራቢያ የተረሸኑትን አራት የፈረንሳይ የበታች ሹማምንት በማሰብ የተጻፈ ነው። እነርሱም ከ19 ዓመት በኋላ በ1934 ስማቸው በይፋ ነጻ ወጥቷል። በፊልሙ መጨረሻ አካባቢ ወታደሮቹን ለማዳን ለታገለው ኮሎኔል የበላዩ ጄኔራል የወደቀውን ተፎካካሪውን ሥልጣን ይሰጠዋል። ኮሎኔሉ ሲቆጣ የበላዩ ይገረማል፤ ይህ ሁሉ ትግል ለሥልጣን ካልሆነ ለምን ሊሆን እንደሚችል አይገባውም። በፉክክር የሚኖር ሰው ፍቅርን እንኳ የተሸፈነ ፉክክር አድርጎ ያየዋል። ፉክክር ኃጢአት የሚሆነው ሰውን ክፉ ስለሚያሠራው ብቻ አይደለም፤ በጎውን የሚያይበትን ዓይንም ስለሚያጠፋበት ነው።

የዘመዳሞች ጦርነት

እነዚህ ሦስት ፊልሞች የሚናገሩለት ጦርነት ሲጀመር በዙፋን ላይ የነበሩት የጀርመኑ ቪልሄልም 2ኛ፣ የሩስያው ኒኮላይ 2ኛና የእንግሊዙ ጆርጅ 5ኛ ዘመዳሞች ነበሩ። ቪልሄልምና ጆርጅ የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጆች፣ ጆርጅና ኒኮላይ ደግሞ የእኅትማማች ልጆች ናቸው። በጁላይ 1914 መጨረሻ የጀርመኑና የሩስያው ነገሥታት በቤት ስማቸው እየተጠራሩ የቴሌግራም መልእክት ይለዋወጡ ነበር። ሁለቱም ሰላም እንደሚሹ ይጽፋሉ፤ ነገር ግን ሠራዊቱን በመመለስ ቀዳሚ ሆኖ መታየትን ሁለቱም አልደፈሩም። በኦገስት 1 ጀርመን በሩስያ ላይ ጦርነት አወጀች። ከዚያ በኋላ በአራት ዓመት ውስጥ ከ8 ሚሊዮን በላይ ወታደሮች ሞቱ። ር.ሊ.ጳ. ቤኔዲክቶስ 15ኛ በኦገስት 1 ቀን 1917 ለተዋጊዎቹ አገሮች መሪዎች የሰላም መልእክት ልከው ጦርነቱን ከንቱ እልቂት ሲሉ ጠሩት። ሰሚ አላገኙም፤ እንዲያውም እያንዳንዱ ወገን ለተቃራኒው አድልተዋል ብሎ ጠረጠራቸው።

በእርግጥ ያ ጦርነት ከሦስት ሰዎች እልህ ብቻ አልመጣም። የጦር መሣሪያ እሽቅድምድም፣ የቅኝ ግዛት ሽሚያ፣ የቃል ኪዳን ትስስርም ነበረበት። ነገር ግን ነገሩን ለማቆም ገና ጊዜ በነበረበት ሰዓት እጅን ያሰረው «ፈራ እንዳልባል» የሚለው ሐሳብ እንደነበር መካድ አይቻልም።

በጎረቤቶቻችን ዘንድ

ይህ የአውሮፓ የጥንት ታሪክ ብቻ ቢሆን ኖሮ በፊልም አይቶ መተው ይቻል ነበር። ነገር ግን በድንበራችን ማዶ ያለው ከዚህ የተለየ አይደለም። በሱዳን ጄኔራል አብዱልፈታህ አል ቡርሃንና ጄኔራል ሞሐመድ ሐምዳን ዳጋሎ በኦክቶበር 2021 በአንድነት ሥልጣን የያዙ ተባባሪዎች ነበሩ። ሁለቱ ኃይሎች በአንድ ዕዝ ሥር ስለሚዋሐዱበት ጊዜና አዛዡ ማን እንደሚሆን ሳይስማሙ ቀርተው በኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ተኩስ ተከፈተ። ዕለቱ ለሙስሊሞች የረመዳን ወር ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር ደግሞ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ ቀዳም ሥዑር ነበር። ከዚያ ወዲህ ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል፤ ብዙዎችም በመተማና በኩርሙክ በኩል ወደ አገራችን ገብተዋል። እነዚህ ሰዎች ማን አዛዥ ይሁን ተብለው አልተጠየቁም፤ ምላጩን ግን ውጠዋል።

በደቡብ ሱዳንም ነጻነት በተገኘ በሦስተኛው ዓመት፣ በዲሴምበር 2013፣ በፕሬዚዳንት ሳልቫ ኪርና ምክትላቸው በነበሩት በሪክ ማቻር መካከል የነበረው ሽኩቻ ወደ ጦርነት ተለወጠ። በ2015 የተፈረመው ስምምነት በሚቀጥለው ዓመት ፈረሰ። በሴፕቴምበር 2018 በአዲስ አበባ እንደገና ተፈራረሙ። በኤፕሪል 2019 ሁለቱም ከሌሎች የአገሪቱ መሪዎች ጋር በቫቲካን ለሁለት ቀን የጸሎት ሱባኤ ተሰበሰቡ። በፍጻሜው የ82 ዓመት አዛውንት የነበሩት ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ ተንበርክከው የእያንዳንዳቸውን እግር ሳሙ።

ወደዚህ ነገር እንመለስበታለን፤ ከዚያ በፊት ግን መመለስ ያለባቸው ሁለት ተቃውሞዎች አሉ።

ሁለት ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ፣ ጦርነት ሁሉ የመሪዎች እልህ ነው ማለት ቤቱን ከወራሪ የሚከላከለውን ሰው ከወራሪው ጋር ማመሳሰል ነው የሚል ነው። ተቃውሞው ትክክል ነው። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1965 ባወጣው «ቤተ ክርስቲያን በዘመናዊው ዓለም» በተባለው ሰነድ፣ የሰላም መንገድ ሁሉ ተሞክሮ ሲያልቅ መንግሥታት ሕዝባቸውን የመከላከል መብት እንዳላቸው አልካደም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ለዚህ ጥብቅ መመዘኛዎች ያስቀምጣል፤ ጉዳቱ ዘላቂ፣ ከባድና የተረጋገጠ መሆን አለበት፤ ሌላ መንገድ ሁሉ መሟጠጥ አለበት፤ የመሳካት ተስፋ መኖር አለበት፤ የሚከተለውም ጥፋት ሊወገድ ከታሰበው ክፋት መብለጥ የለበትም። በእነዚህ መመዘኛዎች ውስጥ የመሪ ክብር፣ የመሪ ቁጣ፣ የመሪ ቃል እንዳይታጠፍ የሚል አልተጻፈም። መመዘኛው ራሱ የተሠራው ሕዝብን መከላከልን ከእልህ ለመለየት ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ጥፋቱ የመሪዎች ነው ካልን ተራው ሰው ንጹሕ ሆኖ ይቀራልን? በማይልስቶን ፊልም ውስጥ የዚህ መልስ አለ። ወጣቶቹን ወደ ግንባር የሰደዳቸው ንጉሡ አይደለም፤ ንጉሡን ፊት ለፊት አይተው አያውቁም ነበር። የሰደዳቸው በክፍል ውስጥ ስለ ክብርና ስለ አገር እሳት የሚተፋው መምህራቸው ነው፤ በመንገድ ዳር አበባ እየወረወረ ያጨበጨበው ሕዝብም ነው። ፖል ከግንባር ተመልሶ በዚያው ክፍል እውነቱን ሲናገር ታዳጊዎቹ ተማሪዎች ፈሪ ብለው ይጮኹበታል።

የመሪዎች ፉክክር ተመልካች ይፈልጋል። ሰው ብቻውን ሆኖ እልህ አይጋባም፤ እልህ የሚያድገው «ምን ይሉኛል» በሚል አፈር ላይ ነው። በኦክቶበር 1962 አሜሪካና ሶቭየት ኅብረት በኩባ ሚሳይሎች ምክንያት ወደ ኑክሌር ጦርነት አፋፍ በደረሱ ጊዜ፣ ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ 23ኛ በ25ኛው ቀን በቫቲካን ሬዲዮ መሪዎቹ የሕዝቦችን የሰላም ጩኸት እንዲሰሙ ተማጸኑ። ከሦስት ቀን በኋላ ክሩሽቼቭ ሚሳይሎቹን እንደሚያነሡ አስታወቁ። ኬኔዲም በበኩላቸው በቱርክ የነበሩትን የአሜሪካ ሚሳይሎች ለማንሣት ቃል ገቡ፤ ይህ ቃል ግን በምስጢር ተይዞ ለብዙ ዓመታት ሳይገለጥ ቆየ። ስለ ምን ምስጢር ሆነ? በአደባባይ ቢነገር አጨብጫቢው ሕዝብ ደካማ ብሎ ይሰድባቸው ስለ ነበረ ነው። ዓለምን ያዳነው ስምምነት ከተመልካች መሸሸግ ነበረበት! እኛ ተመልካቾች መሪን በጥንካሬው ብቻ ስናደንቀው፣ ሲታረቅ ደግሞ ስናፍርበት፣ የእርቅን በር ከውጭ እንዘጋበታለን።

ስለዚህ የመሪው ኃጢአት ይበልጣል፤ ብዙ ከተሰጠው ብዙ ይፈለግበታልና። ተመልካቹ ግን ንጹሕ አይደለም። ሐዋርያው ያዕቆብም ጦርነት ከወዴት እንደሚመጣ ጠይቆ ምንጩን ያገኘው በሰው ልብ ውስጥ በሚዋጋ ምኞት ነው እንጂ በቤተ መንግሥት ብቻ አይደለም።

እግር ያጠበ ጌታ

በኅጽበተ እግር ሌሊት፣ ጌታችን ሥጋውንና ደሙን በሰጠበት በዚያው ገበታ፣ ደቀ መዛሙርቱ ከእነርሱ ማን እንደሚበልጥ ይከራከሩ እንደነበር ቅዱስ ሉቃስ ይነግረናል። የክርክሩ መልስ በቅዱስ ዮሐንስ ወንጌል ይገኛል፤ ጌታ ተነሥቶ ማበሻ ጨርቅ ታጥቆ እግራቸውን አጠበ። ይህን ያደረገው በአደባባይ፣ በሕዝብ ፊት አልነበረም። ታላቅነትን ከተመልካች ዓይን አውጥቶ በባልንጀራ እግር ሥር አስቀመጠው።

ር.ሊ.ጳ. ፍራንቸስኮስ በ2019 የደገሙት ይህንኑ ነው። ውጤቱስ? በ2020 የአንድነት መንግሥት ተመሠረተ፤ እርሳቸውም በፌብሩዋሪ 2023 ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስና ከስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን መሪ ጋር ጁባን ጎበኙ። ነገር ግን በማርች 2025 ሪክ ማቻር በቁም እስር ሥር ዋሉ፤ በሴፕቴምበርም ከባድ ክስ ተመሠረተባቸው። አቡነ ፍራንቸስኮስ በዚያው ዓመት በኤፕሪል 21 ሲያርፉ የሳሙት እግር ገና ወደ ሰላም መንገድ አልገባም ነበር።

እንግዲህ መሳሙ ከንቱ ነበርን? እንዲህ የሚል ሰው የይሁዳም እግር ታጥቦ እንደነበር ያስታውስ። ትሕትና ሰውን አስገድዶ አይለውጥም፤ ቢያስገድድ ኖሮ ሌላ ዓይነት ኃይል በሆነ ነበር። ትሕትና የሚያደርገው በሩን ከፍቶ መቆም ነው። ያ ዕለት ለሁለቱ መሪዎች ክብር ሳይጎድልበት ዝቅ ማለት እንደሚቻል አሳይቷቸዋል፤ ከዚያ በኋላ አላወቅንም ለማለት አይችሉም። ይህ ለእኛም የተነገረ ነው።

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን

የማይልስቶን ፊልም ጥፋቱን ከመምህር ጠረጴዛ መጀመሩ በተለይ እናንተን የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንን ይመለከታል። ወጣቶች የጦርነት ፊልም እንዳያዩ መከልከል አይቻልም፤ ቢቻልም ጥቅሙ ጥቂት ነው። ጥሩው ፊልም እንኳ ተኩሱንና ጀግንነቱን ብቻ ለሚመለከት ሰው የጦርነት ማስታወቂያ ሊሆን ስለሚችል፣ ማየትን ማስተማር ይሻላል። አብራችሁ ስታዩ አራት ጥያቄዎች አንሡ። ውሳኔውን የሰጠው ማን ነው፣ የትስ ተቀምጦ ነው? ዋጋውን የከፈለው ማን ነው፣ ስሙስ ተነግሯልን? ጠላት የተባለው ሰው ፊትና ቤተሰብ አለውን ወይስ ጥላ ብቻ ነው? በመጨረሻም፣ ስናይ ደስ ያለን የቱ ላይ ነው፣ ለምንስ?

እነዚሁ ጥያቄዎች ለእውነተኛውም ጦርነት ያገለግላሉ። የሰው ሬሳ የሚታይበትን፣ የወደቀውን ወገን የሚሳለቅበትን ምስል ከስልክ ወደ ስልክ የሚያስተላልፍ ሰው በገባዖን ኩሬ ዳር ከአለቆቹ ጋር እንደ ተቀመጠ ይወቅ። በቁምስና ጉባኤ፣ በማኅበርና በመዘምራን መካከል ማን ይቅደም በሚል የሚነሣውንም ክርክር እንደ ቀላል ነገር አንየው፤ ዘሩ አንድ ነው፣ የሚለያየው የሚበቅልበት የእርሻ ስፋት ብቻ ነው። ቀድሞ ይቅርታ የጠየቀውን ሰው ተሸነፈ ማለትን ብንተው፣ ልጆቻችን አንድ ቀን መሪ ሲሆኑ ለመታረቅ ከሕዝብ መሸሸግ አያስፈልጋቸውም።

የሰላም አለቃ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ፣ ኃይል ያላቸውን ዝቅ ማለትን፣ እኛንም ዝቅ ያለውን ማክበርን ያስተምረን። መሶባቸው ለሰፋባቸው እናቶች መጽናናትን፣ በስደት ላሉት መመለሻን ይስጥ። አሜን።